ጋሽ አስፋው ለልምምድ የሞቱ ዕለት

ፊልም ሠሪ ነበርኩ ስል ቤተሰቦቼ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር። የሠራኸውን አሳየን አይበሉኝ እንጂ ስለ ፊልም የማውቀው ብዙ ነው። አንድ ፊልም የሠራ ሰው የሚያውቀው ያንን አንዱን ብቻ ነው፤ እንደ እኔ ምንም ያልሠራ ግን ሁሉንም በልቡ ሠርቶ፣ አሳይቶ፣ ተጨብጭቦለት ጨርሷል። ድካሙ ብቻ ነው እውነተኛው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ዘመኑን የማታውቁት ታድላችኋል፤ ለምታውቁት ደግሞ ብዙ አላብራራም፣ ሁላችንም ደክሞናል። ያን ጊዜ እኔ ሃያዎቹን የጀመርኩ ጎረምሳ ነበርኩ። አፍሮዬ ከጭንቅላቴ ይበልጥ ነበር፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ከነበረው ደግሞ እጅግ ይበልጥ ነበር። አንድ ማሠልጠኛ ገብቼ ፎቶግራፍና ፊልም እማራለሁ። አስተማሪያችን ጓድ መርሻ ይባላሉ። ምሥራቅ አውሮፓ ተምረው የመጡ፣ በግንቦት ሙቀት ሁለት ሹራብ ደርበው የሚለብሱ፣ ከሳቁ በኋላ ማን እንዳያቸው ዞር ዞር ብለው የሚያዩ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን ክፍል ገቡና አንዲት ክብ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ይህ ጥሬ ፊልም ነው» አሉ። «ለእናንተ ክፍል የደረሰው አንድ ጥቅል ነው። ሦስት ደቂቃ ቢሄድ ነው። አሳማኝ ዝግጅት ያቀረበ ተማሪ ይወስደዋል፤ የቀራችሁት ታግዙታላችሁ።»

ጓደኞቼ ብልሆች ነበሩ። አንዱ ስለ ስንዴ አቀደ። አንዱ ስለ ወተት ላም አቀደ። ሌላው ሁለቱን ሰምቶ ስለ ስንዴና ስለ ላሟ ወዳጅነት አቀደ። እኔ ተነስቼ «ጣረሞት» አልኩ።

ለምን ጣረሞት? ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ሰው የሚያውቀውን ይሥራ ይባል የለ? እኔ ስለ ስንዴ ምንም አላውቅም፤ ስለ ፍርሃት ግን ጥናት ያልሠራሁት ወረቀት ስለጠፋ ብቻ ነው።

«አንድ ጎማ አዳሽ በመርዝ ይሞታል» አልኩ ለጓድ መርሻ። «ድንኳን ተጥሎ ሰው እያለቀሰ ሳለ ሟቹ ብድግ ይላል። አንዲት ቃል አይናገርም። ጣቱን ዘርግቶ ገዳዩን ይጠቁማል።»

ጓድ መርሻ ከላይኛው ሹራባቸው ክር መዘዙ።

«በሳይንስ ጣረሞት የለም» አሉ።

«የለም ጓድ። ስለሌለ እኮ ነው ፊልም የሚያስፈልገው።»

የመዘዙትን ክር ጣሉ። «ቅዳሜ ሰፈርህ መጥቼ ልምምዱን በቦታው አያለሁ። ካሳመነኝ ጥቅሉ ያንተ ነው።»

እንግዲህ ሟች መፈለግ ነበረብኝ። ሩቅ አልሄድኩም። ከዊንጌት ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎሚስታ የነበሩት ጋሽ አስፋው የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። እሳቸው ሲያስሉ እኔ ነኝ «ይማርዎ» የምለው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ የገባ፣ በሕይወት እያሉ ግማሹን መንገድ የሄዱ የሚመስሉ ሽማግሌ ናቸው። እንዲህ ያለ መልክ ስንዴ በሚታይበት ፊልም ውስጥ ይባክናል።

«ጋሽ አስፋው፣ ፊልም ይሠሩልኛል?»

«ምን ሆኜ?»

«ሞተው።»

«ከዚያስ?»

«ይነሳሉ።»

«መነሳት ካለበት ጥሩ ሥራ ነው» አሉ የያዙትን ጎማ እያገላበጡ። ከዚያ ጎማውን አስቀምጠው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «ግን ስማኝ ልጄ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ዘመዶቼም የት እንደገቡ አላውቅም። እኔ ያለኝ እድር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሬሳ የተሸከምኩት ነገ እኔንም እንዲሸከሙኝ ነው። ከእድሬ ጋር ብቻ እንዳታጣላኝ። ለሌላው ለሌላው እሞትልሃለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ፊልምና እድር ምን ያገናኛቸዋል?» አልኩ።

ይህን ያልኩበትን አፍ እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ፤ ጥርሱ ነው የረገፈው።

ቀጥሎ የቀበሌ ፈቃድ ነው። ሊቀመንበሩ ያመጣሁትን ወረቀት ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ አነበቡት።

«ይህ ጣረሞት መደቡ ምንድን ነው?»

«ላብ አደር ነው ጓድ ሊቀመንበር። ጎማ ያድሳል።»

«ላብ አደር ከሆነ ሰፊውን ሕዝብ ለምን ያስፈራራል?»

«እ... ማለቴ... ሕዝቡን አይደለም። ገዳዩን ነው የሚያጋልጠው።»

«ገዳዩስ?»

«አድኃሪ ነው» አልኩ። በዚያ ዘመን ይህቺ ቃል ያልከፈተችው በር አልነበረም፤ የዘጋችውም እንደዚያው።

ሊቀመንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው? ሰዓት እላፊ አለ።»

«በቀን ነው ጓድ። ከቁርስ በኋላ።»

«ከቁርስ በኋላ የሚነሳ ጣረሞት ማንን ያስፈራል?»

«በሰዓት እላፊ ከተነሳ ደግሞ አብዮት ጥበቃ ይይዘዋል።»

ሊቀመንበሩ ይሳቁ አይሳቁ እንደማያውቁ ሆነው ቆዩና ማኅተሙን እንትፍ ብለው መቱት።

ማኅተሙን ይዤ ድንኳን ፍለጋ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ባሻ ደምሴ ሄድኩ። ባሻ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ማኅተም ሲያዩ ይነሳሉ። ተነስተው አነበቡት።

«ድንኳኑ ለቅዳሜ ተፈቅዷል» አሉ። «ነገር ግን ደንብ ደንብ ነው። የእድር ድንኳን ያለ ጡሩምባ አይወጣም። ሰው ድንኳን ተተክሎ ሲያይ ‹የማን ይሆን› እያለ መደንገጥ የለበትም። በየነ ይነፋል።»

እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። የማሠልጠኛው ካሜራ ድምፅ የማይቀዳ መሆኑን እንኳ ረስቼ፣ ጡሩምባ በነፃ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ! ሮጬ የእድሩን ለፋፊ ጋሽ በየነን አገኘኋቸው። ነገሩ ለፊልም ልምምድ እንደሆነ፣ ጋሽ አስፋው ደህና እንደሆኑ፣ ይህንኑ በግልጽ እንዲናገሩ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና «ገብቶኛል» አሉ። መግባቱ ገብቷቸው ነበር። ችግሩ መውጣቱ ላይ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። አንድ አልጋ አስገባሁ፤ ጋሽ አስፋውን አስተኛሁ፤ ነጭ አንሶላ አለበስኩ። በራሽን ያገኘሁትን ዱቄት ፊታቸው ላይ ነሰነስኩ። አፍንጫቸው ውስጥ ጥጥ ወተፍኩ። ሥራዬን ራቅ ብዬ ሳየው እኔ ራሴ ፈራሁ፤ ይኸኔ ነበር ማቆም።

«እኔ እስካጨበጭብ ድረስ እንዳይንቀሳቀሱ» አልኳቸው። «ሳጨበጭብ ብድግ ብለው ገዳዩን ይጠቁሙ።»

«ገዳዩ ማን ነው?» አሉ በጥጡ ውስጥ።

«ገና አልመረጥኩም። ለዛሬ ፊት ለፊትዎ ያለውን ሰው ይጠቁሙ።»

ለአልቃሽነት አንድ ሦስት ጎረቤቶች ረፋዱ ላይ እንዲመጡ ለምኛለሁ። ጓድ መርሻን ልቀበል ወደ ጳውሎስ አውቶብስ ፌርማታ ወረድኩ። መንገድ ላይ እንዳለሁ የጋሽ በየነ ጡሩምባ ከኋላዬ ሲያስተጋባ ሰማሁ። ምን ዓይነት ድምፅ! ቆሜ በፈገግታ አዳመጥኩ። ቃሉ ግን ከሩቅ አይለይም ነበርና የሚሉትን አልሰማሁም።

አውቶብሱ ዘገየ። አውቶብስ በመዘግየቱ ሕይወቴ የተበላሸበትን ጊዜ ሁሉ ብጽፍ ይህ ወግ አይበቃውም። ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ጓድ መርሻ ሹራባቸውን እንደደረቡ ወረዱ፤ ተያይዘን ሽቅብ ወጣን። ግቢያችን ሳንደርስ ለቅሶው ተሰማን።

«ስንት ተዋናይ ነው ያዘጋጀኸው?» አሉ ጓድ መርሻ።

«እ... ማለቴ... ጥቂት።»

ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ባሻ ደምሴ ኮፍያቸውን አውልቀው ከአልጋው ፊት ለፊት ቆመዋል። ንፍሮ በትልቅ ድስት ገብቷል። መካከል ላይ ደግሞ ጉሊት የሚሸጡት እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አሸርጠው ደረታቸውን ይደቃሉ።

«አስፋውዬ! የሰፈሩ ጥላ! ክፉ ቃል ከአፍህ የማይወጣ!»

እትዬ ብርቄና ጋሽ አስፋው በአንዲት የቦይ ውሃ ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ብዙ ክረምት አልፏል። ከጋሽ አስፋው አፍ የወጣውን ክፉ ቃል ደግሞ አብዛኛውን የሰሙት እትዬ ብርቄ ራሳቸው ናቸው።

«ያችን ሴት ተመልከታት» አሉ ጓድ መርሻ በሹክሹክታ። «የተፈጥሮ ተሰጥኦ! እንዲህ ያለውን አውሮፓም አላየሁ። ከየት አገኘሃት?»

«ከሰፈር ናት» አልኩ። ግን ሦስት ሰው ነበር የለመንኩት።

በዚያው ቅጽበት አካፋና ዶማ የተሸከሙ፣ እስከ ጉልበታቸው አፈር የሆኑ ሁለት ሰዎች በአጠገቤ አለፉ። አንደኛው ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

«ጉድጓዱ አልቋል ወንድሜ። እግዜር ያጽናህ፤ ጎረቤትህ ነበሩ።»

ለካ ሰዉ ሁሉ የሚያለቅሰው የእውነት ነው። ልገባ፣ ልናገር፣ ሕዝቡን ልበትን አሰብኩ። ግን ምን ልበል? ‹ወገኖቼ፣ አልሞቱም፤ ያለቀሳችሁትን መልሱ› ልበል? ይህን ሳሰላስል ጓድ መርሻ ስሜታቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። በተማሩበት አገር ሰው ጥበብ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

አጨበጨቡ።

ጋሽ አስፋው ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ብድግ አሉ። ዱቄቱ እንደ ጉም ተነነ። ጥጡ ከአንደኛው አፍንጫቸው ተፈናጥሮ ንፍሮው ውስጥ ገባ። የእትዬ ብርቄ ድምፅ መሃል ላይ ተቆረጠ። ሙሉ ድንኳን ሰው እያየ፣ ያ በጎማ የጠቆረ ረዥም ጣት ከአንሶላው ሥር ቀስ ብሎ ወጣና በቀጥታ በባሻ ደምሴ ላይ ተዘረጋ።

ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን የሚጠቁም ጣት ቀልድ አልነበረም። ጣት የተጠቆመበት ሰው ቁርሱን ሳይጨርስ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰው የሸሸው ከሙቱ ይሁን ከጣቱ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ብቻ ሸሸ። በበሩ የሸሸ አለ፤ በድንኳኑ ሥር የሸሸ አለ፤ ምሰሶውን ይዞ የሸሸም አለ፤ ድንኳኑ የወደቀው በእሱ ነው። ባሻ ደምሴ ብቻ አልሮጡም። የወታደር ነገር ሆኖባቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው «እኔ አይደለሁም! እኔ አይደለሁም!» እያሉ ሸራው ላያቸው ላይ ወረደ።

ጓድ መርሻን ከሸራው ሥር ጎትቼ አወጣኋቸው። ፀጉራቸው ውስጥ ንፍሮ አለ።

«አሳመነዎት?» አልኳቸው። ሰው ሲሰምጥ ምን እንደሚይዝ አያውቅም።

ዞር ዞር ብለው አዩ። «ዛሬ እዚህ አልመጣሁም» አሉ። «አንተም አላየኸኝም።» ሹራባቸውን ሰብስበው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ጥቅሌ አብሮ ሲወርድ ታየኝ። በማግሥቱ ሰኞ ለስንዴው ተሰጠ።

ማግሥቱ እሑድ ነበር ለካ። አያችሁ፣ አሁንም ሳስበው ቀኑ ይምታታብኛል። ስንዴው ሰኞ ነው፤ የእድሩ ስብሰባ ግን እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። አባላቱ በሙሉ መጥተዋል። አንዳንዱ ያነክሳል። ጋሽ አስፋው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥግ ላይ ቆመዋል። ዱቄቱ ከጆሯቸው ሥር ገና አልለቀቀም።

መጀመሪያ ጋሽ በየነ ተጠየቁ። «ፊልም መሆኑን እያወቅህ ለምን ‹አርፈዋል› አልክ?»

«ጡሩምባ በነፋሁበት ዘመን ሁሉ ፊልም የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም» አሉ ጋሽ በየነ። «ልለው ነበር። ‹የእድራችን አባል ጋሽ አስፋው› ስል አፌ በለመደው ቀጠለ። አንዴ ‹አርፈዋል› ካልኩ በኋላ ማን ይመልሰዋል?»

«እርስዎስ ባሻ?» አለ አንድ ድፍረት ያለው ሰው። «ፈቃዱን የሰጡት እርስዎ አይደሉም?»

ባሻ ተቆጡ። «እኔማ ለልምምድ ሲተኛ በዚያው የቀረ መሰለኝ። ሽማግሌ ሰው ነው፤ ይሆናል። አዝኜ መጣሁ። እሱ ግን ጣቱን ቀሰረብኝ! ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰው ሁሉ ‹ባሻ ምን አድርጎት ይሆን› ይል ነበር።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሁን ወደ ደንቡ። ለአንድ አባል አንድ ጡሩምባ፣ አንድ ድንኳን፣ አንድ ጉድጓድ። አቶ አስፋው ሦስቱንም ወስደዋል። እድሩ ግዴታውን ተወጥቷል።»

«ሰውየው ግን አልተቀበረም» አለ ባለሱቁ።

«አለመቀበሩ የራሱ ምርጫ ነው። እኛ ጉድጓዱን አዘጋጅተናል።»

ሰው ሊስቅ ሲል ወደ ጋሽ አስፋው አየና ተወው። ጋሽ አስፋው ባርኔጣቸውን እያዞሩ ነበር።

«እንግዲህ ደንብ ከሆነ...» አሉ። «እኔ ሌላ ሰው የለኝም። ይኸው ነው።»

እኔ ተነሳሁ። ስለ ጥበብ፣ ስለ ሟቹ ሚና፣ ስለ ጥሬ ፊልም እጥረት ማስረዳት ጀመርኩ። «ተቀመጥ!» አሉ አርባ ሰዎች ባንድ አፍ፤ ተቀመጥኩ። የሚገርመው ሲያስቀምጡኝ ቀለለኝ።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ብርቄ የተነሱት።

«እኔ ትናንት ያለቀስኩት ከልቤ ነው» አሉ ወደ ጋሽ አስፋው ሳይዞሩ። «ከቦይ ውሃው በፊት ደህና ሰው ነበር። አሁን እኔ ልጠይቅ። የአባል አባት ሲሞት እድሩ ይወጣል፣ አይወጣም?»

«ይወጣል» አሉ ባሻ።

«ይኼ አፍሮ የሚባለው ልጅ አባት የለውም፤ እናቱ ስትመጣ ነግራኛለች። አባል ይሁንና አስፋውን አባቱ ያድርጋ! ገድሎት የለ?»

«አባት በእጅ ብልጫ አይመረጥም ብርቄ!»

«የቀበሌያችን ሊቀመንበር በምን ተመረጠ?»

ሰዉ በሙሉ ባንድ ጊዜ ሳል ያዘው። ባሻ ወደ በሩ አዩ፤ ከዚያ ቶሎ ብለው «ድምፅ ይሰጥ!» አሉ። እጆች ወጡ። መጀመሪያ የባለሱቁ፣ ቀጥሎ የቆፋሪዎቹ፣ ቀጥሎ የሁሉም። በመጨረሻ ባሻም፣ ትናንት ሁለቱንም እጃቸውን አውጥተው ነበርና፣ አንዱን ብቻ እስከ ትከሻቸው አወጡ።

«ልጁ ራሱ ከተስማማ» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ወደ ጋሽ አስፋው አየሁ። እሳቸው ባርኔጣቸውን ነው የሚያዩት። አባቴ የሞተው በልጅነቴ ነው፤ ፊቱን እንኳ አላስታውስም። እንዲህ በስብሰባ አባት ይሰጠኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«እሺ» አልኩ።

እንዲህ ሆኜ ነው ሚስት ሳይኖረኝ፣ ሥራ ሳይኖረኝ የእድር አባል የሆንኩት። የሰፈሩ ወጣት ግማሹ ዘምቷል፣ ግማሹ ተደብቋል፣ ሌላውን አንጠይቅም፤ ስለዚህ የድንኳኑን ምሰሶ የሚሸከም ትከሻ የእኔ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስንቱን ሰው እንደሸኘሁ ራሴም አላውቀውም። ወገቤን የሚያሸኝ ልጅ «ምን ሠርተህ ነው?» ሲለኝ «ፊልም» እላለሁ።

ባሻ ስብሰባውን ሊዘጉ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«ጉድጓዱ ክፍት ነው። ባዶ መቃብር አፉን ከፍቶ አያድርም። አዲሱ አባል ሄዶ ይድፈነው።»

አካፋ ይዤ ስወጣ ጋሽ አስፋው ተከተሉኝ። «የራሴ ነው» አሉ፤ «ብቻህን አይሆንም።» ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። ጉድጓዱ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ነው፤ አዲሱ አፈር ገና እርጥብ ነው። ጋሽ አስፋው ዙሪያውን ዞረው መረመሩት፤ በእርምጃ ለኩት፤ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ።

«ማነው የቆፈረው? ትከሻ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም እንዴ?»

«ተጣድፈው ነው ጋሼ።»

ተራ በተራ አፈሩን መለስን። እሳቸው ጥቂት ይዝቃሉ፣ ያርፋሉ፤ እኔ ብዙ እዝቃለሁ፣ አማርራለሁ። ግማሽ ላይ ሲደርስ አካፋውን ተደግፈው ቆሙ።

«ለመሆኑ ፊልምህ መጨረሻው ምን ነበር? እኔ እስከ መጠቆሙ ነው የነገርከኝ።»

«ገዳዩን ከጠቆመ በኋላ ሟቹ ብቻውን ተመልሶ መቃብሩ ውስጥ ይገባል» አልኳቸው።

ጋሽ አስፋው ግማሽ የሞላውን ጉድጓድ አዩት።

«ቀይረው» አሉና አካፋውን አቀበሉኝ።